ለተራራ በግ የትኛው ስኮፕ? እንዴትስ ይገጠማል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ስንት ዓመት ካመለከትኩ በኋላ ዘንድሮ የቢግሆርን አውራ በግ የማደን ዕጣ ወጣልኝ። እስካሁን ያደንኩት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አጋዘን ብቻ ነው። ጠመንጃዬ 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። ጓደኛዬ ‹ተራራ ላይ ተኩሱ ሩቅ ነው፣ 5-25×56 ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) ግዛ› ይለኛል። የሱቁ ሻጭ ደግሞ 3-9×40 ወይም እሱን የመሰለ ይበቃሃል አለኝ። ማንን ልስማ? ስገጥመውስ ምን ልጠንቀቅ?»

እንኳን ደስ አለህ! ኮሎራዶ ውስጥ ይህ ዕጣ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። አመልክተህ ሳይወጣልህ ሲቀር የሚሰጥህን ነጥብ ሦስት እስክታደርስ ድረስ ዕጣው ውስጥ እንኳ አትገባም። ከዚያ በኋላም የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄህን ጊዜ ሰጥቼ ልመልሰው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሻጩን ስማ። ሻጭ ርካሹን ሲመክርህ ደግሞ አመስግነው፣ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የጓደኛህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተራራ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ሸንተረር መተኮስን ነው። እውነታው ሌላ ነው። የተራራ በግ ጥሩ ዓይን አለው፣ ግን ከላይ የሚመጣበትን ነገር ብዙም አይጠብቅም። ሲሸሽ ወደ ላይ ነውና አደጋ የሚጠብቀው ከታች ነው። ታግሶ ዞሮ ከበላዩ የደረሰ አዳኝ 200 ወይም 300 ያርድ ድረስ መቅረብ ይችላል። አደኑ በአብዛኛው የእግርና የዓይን ሥራ ነው። ተኩሱ የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። 3-9×40 ማለት ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ስኮፕ ክብደቱ 350 ወይም 400 ግራም አካባቢ ነው። ጓደኛህ ያለው 5-25×56 ጠመንጃው ላይ ከሚያስረው ቀለበት ጋር አንድ ኪሎ ያልፋል። ግማሽ ኪሎ ቤት ውስጥ ምንም አይደለም። 3,700 ሜትር ላይ፣ የአራት ቀን ስንቅ ተሸክመህ፣ ድንጋዩ ከእግርህ ሥር እየተንሸራተተ ግን እያንዳንዷን ግራም ትቆጥራታለህ። ደግሞም ከባድ ስኮፕ ጠመንጃውን ላይ ላዩን ያከብደዋል። ትከሻ ላይ ይገለበጣል፣ ስትወድቅም ቀድሞ ድንጋይ የሚመታው እሱ ነው።

ከክብደቱ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። አውራዎቹ በዚያ ወቅት ለብቻቸው ተሰብስበው ነው የሚውሉት፤ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ቂጣቸው ነጭ። አንተና ጓደኛህ ግማሽ ሰዓት ተኝታችሁ ስታዩ ቆይታችሁ «ከግራ ሦስተኛው» ብላችሁ ወሰናችሁ እንበል። ወደ ጠመንጃህ ዞረህ በ20 እጥፍ ስታይ የሚታይህ አንድ ትከሻና ትንሽ ሣር ነው። ሦስተኛው የትኛው ነበር? በዚህ መሃል አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይተኛል፣ ቆጠራህ ይጠፋል። በሦስት እጥፍ 100 ያርድ ላይ ወደ 33 ጫማ ስፋት ታያለህ። በአሥር እጥፍ ወደ 11 ጫማ ይወርዳል። በ20 ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። እኔ ሁልጊዜ ዝቅ ባለው ቁጥር እጀምራለሁ፤ በጌን አገኘዋለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ እወስደዋለሁ። ከፍ ያለ ማጉላት ሌላም ነገር ያጎላል፤ የልብህን ምት። ዳገት ወጥተህ እያለከለክህ በ25 ብታይ በስኮፑ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ሲዘል ታያለህና ትደናገጣለህ። በዘጠኝም ያው ነው የሚዘለው፤ ግን ያን ያህል አያስደነግጥህም።

ብርሃንን በተመለከተ አንድ ቀላል ስሌት አለ። የፊት መስታወቱን ስፋት ለማጉላቱ አካፍለው። 40 ለ10 ስታካፍል 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ዓይንህ ጋ የምትደርሰው የብርሃን ክብ ያን ያህል ናት ማለት ነው። ለቀን ተኩስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። በጎቹ የቀን እንስሳት ናቸው፤ በጨለማ አትፈልጋቸውም። ስለዚህ 50 እና 56 ሚሊሜትር መስታወት ለዚህ አደን ትርፍ ሸክም ነው። የሚያበራ መስቀልም አያስፈልግህም። ቱቦው 30 ሚሊሜትር ስለሆነ ብርሃን ይጨምራል የሚሉህን አትስማ። የሚጨምረው የመስተካከያ ቦታ ነው እንጂ ብርሃን አይደለም።

እኔ ብሆን ከ3-9×40፣ ከ3.5-10×40 ወይም ከ3-10×42 አንዱን እይዛለሁ። ከ500 እስከ 900 ዶላር ባለው ዋጋ የሊዮፖልድም የቮርቴክስም ጥሩ ጥሩ ዕቃ አለ። ስዋሮቭስኪ አቅምህ ከፈቀደ መስታወቱ ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን የተረፈህ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ባይኖኩላር ይሂድ። 10×42 ጥሩ ባይኖኩላር፣ ከተቻለም አንድ ስፖቲንግ ስኮፕ (ሩቅ ማያ ቴሌስኮፕ) ከነእግሩ። ቀኑን ሙሉ የምታይበት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። በጠመንጃ ስኮፕ ተራራ አይታሰስም! በስኮፑ ስታይ አፈሙዙም አብሮ ያያል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ14,000 ጫማ በላይ የሆኑ ከ50 በላይ ጫፎች አሉ፤ መስከረም ላይ ቅዳሜና እሁድ ሁሉም ላይ ሰው አለ። በ2023 ስሙ ወደ ብሉ ስካይ የተቀየረውን ተራራ አስበው፤ በጉም፣ ነጩ የተራራ ፍየልም፣ ቱሪስቱም አንድ ላይ ነው ያለው። ያቺ የምትንቀሳቀስ ቡናማ ነገር የሰው ጃኬት ልትሆን ትችላለች። በባይኖኩላር እይ። ቀንዱን አጥንተህ እይ፣ ደንቡ የሚጠይቀውን የቀንድ መጠን ማሟላቱን እርግጠኛ ሁን። ከኋላው እንስት አለመቆሟን እይ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠመንጃው የምትዞረው።

(በነገራችን ላይ፣ የእኛ ልጆች ቢግሆርንን «የአሜሪካ ዋልያ» ሲሉት እሰማለሁ። ዋልያ የፍየል ዘር ነው፣ ይሄኛው በግ ነው። ዋልያን ደግሞ ማደን ክልክል ነው፤ በሕግ የተጠበቀ ነው።)

አሁን ወደ አገጣጠሙ። አብዛኛው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። እኔም ተበላሽቼ አውቃለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ ስኮፕ ገዝቼ እዚያው ሱቅ አስገጠምኩት። ልጁ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ተኩስ ሜዳ ላይ ሄጄ አስተካከልኩ፣ ደህና ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳገት ላይ አንድ አጋዘን 150 ያርድ ላይ ሳትኩ። ደገምኩ፣ አሁንም ሳትኩ። ቤት ስገባ ስኮፑን ይዤ ብወዘውዘው የኋላው መያዣ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ብሎኖቹ ዘይት እንደነካቸው ነበር የታሰሩት። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። አንተም አትስጥ፤ ወይም ስትሰጥ አጠገቡ ቁም።

እንዲህ አድርግ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ እይ፣ ቦልቱን (የኋላ መዝጊያውን ብረት) አውጣ። የመቀመጫውን (ቀለበቶቹ የሚያርፉበትን ብረት) ብሎኖችና ቀዳዳዎቹን በአልኮል ጠርገህ አድርቅ። ፋብሪካ ላይ የተቀባ ዘይት አለ፣ እሱ መውጣት አለበት። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ በመቀመጫው ብሎኖች ላይ ጠብታ ታህል አድርግ። ቀዩን አትንካ፣ በሙቀት ካልሆነ አይፈታም። በካቻቢቴና በእጅ ስሜት አትሰር። ኢንች-ፓውንድ የሚለካ ትንሽ የቶርክ መፍቻ ግዛ። መቀመጫው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25፣ የቀለበቶቹ ክዳን ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ነው። ግን ከቀለበቱ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብብ፣ የሚበልጠው እሱ ነው። ከመጠን በላይ ካጠበቅከው ቱቦውን ትጨፈልቀዋለህ፣ ውስጡ ያለው ማስተካከያም ይነክሳል።

ክዳኑን ከማጥበቅህ በፊት የዓይን ርቀቱን አስተካክል። ይህን ቲሸርት ለብሰህ ጠረጴዛ ላይ አታድርግ። አደን የምትሄድበትን ጃኬት ልበስ፣ መሬት ላይ ተኛ፣ የቦርሳ ጀርባ ላይ ጠመንጃውን አስደግፍ። ስኮፑን ትልቁ ቁጥር ላይ አድርገው። ዓይንህን ጨፍን፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ አስቀምጥ፣ ጉንጭህን አሳርፍ፣ ከዚያ ዓይንህን ክፈት። ክቡ ሙሉ ሆኖ ካልታየህ ስኮፑን ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፋው። አንገትህን ግን አታንቀሳቅስ። መሆን ያለበት ስኮፑ ወደ አንተ መምጣቱ ነው። ሲመችህ ትንሽ ወደፊት ጨምርለት። ምክንያቱም ወደ ላይ ስትተኩስ ፊትህ ወደ ስኮፑ ይቀርባል፣ ጠመንጃውም ሲመታ ጠርዙ ቅንድብህን ይከፍትልሃል። የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ያለባቸውን አዳኞች ስታይ ምን እንደሆነ ይገባሃል።

ቀጥሎ መስቀሉን ማቅናት ነው። ግንበኛ የሚጠቀምበትን አስብ፤ ውሃ ልክና ቱንቢ። ጠመንጃውን እንዳይነቃነቅ አጥብቀህ አስቀምጥ፣ ውሃ ልኩን መቀመጫው ላይ አድርግና አስተካክል። ከ20 ወይም 30 ያርድ ርቀት ላይ ክር ላይ ከባድ ነገር አንጠልጥል። ይኸው ቱንቢህ ነው። የመስቀሉ ቋሚ መስመር ክሩ ላይ ልክ እስኪያርፍ ስኮፑን ቀለበቱ ውስጥ አዙር። ከዚያ ክዳኖቹን እየተፈራረቅህ፣ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ሆኖ አጥብቅ። መስቀሉ ያጋደለ ከሆነ 100 ያርድ ላይ አይታወቅህም። 400 ላይ ግን ከፍታ ስትጨምር ጥይትህ ወደ ጎንም አብሮ ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ የባለቤትህን ኩቴክስ ተበደር። ከእያንዳንዱ ብሎን አናት ወደ ቀለበቱ ቀጭን መስመር ስመርበት። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ድንኳን ውስጥ ማታ ማታ በባትሪ አንድ ጊዜ ማየት ነው፣ መፍቻም አያስፈልግም። ቀዩ ኩቴክስ ጥሩ ይታያል።

ዜሮ ለማድረግ (ጥይቱ መስቀሉ ያረፈበት ላይ እንዲመታ ለማስተካከል) ሜዳ ስትሄድ ቦልቱን አውጥተህ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ቀዳዳ 25 ያርድ ላይ ያለ ኢላማ እይ፤ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅስ መስቀሉን እዚያው አምጣው። ጥይትህ ወረቀቱ ላይ መውደቁን የሚያረጋግጥልህ ይሄ ነው። ከዚያ አንድ ተኩስ፣ አስተካክል፣ ወደ 100 ያርድ ሂድ። ማስተካከያህ ሩብ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ አንዱ 100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ገደማ ነው) ከሆነ 100 ያርድ ላይ አራት ጠቅታ አንድ ኢንች ነው ማለት ይቻላል። 25 ላይ ግን አሥራ ስድስት ጠቅታ ነው አንድ ኢንች። ብዙ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል፣ ጥይቱንም ይጨርሳል።

ሦስት ጥይት ተኩስ፣ አፈሙዙ ይቀዝቅዝ፣ የሦስቱን መሃል ለካ። ሁለት ኢንች ወደ ግራና ሦስት ኢንች ወደ ታች ከሆነ ስምንት ጠቅታ ወደ ቀኝ፣ አሥራ ሁለት ወደ ላይ። በአንድ ጥይት አትመን። እኔ የምመክርህ ዜሮህ 200 ያርድ ላይ እንዲሆን ነው። የአንተ 6.5 ክሪድሙር 140 ግሬን ገደማ ከሚመዝን ጥይት ጋር 100 ላይ ሁለት ኢንች ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ከፍ ብሎ ይመታል፣ 200 ላይ ልክ መሃል። 300 ላይ ሰባት ወይም ስምንት ኢንች ይወርዳል፣ 400 ላይ 20 ወይም 21 ገደማ። እነዚህ ግምት ናቸው። የአንተን ጠመንጃ የሚነግርህ የአንተው ወረቀት ነው፤ 200 እና 300 ላይ ተኩሰህ እይ፣ ጻፍ፣ ወረቀቷን ሰደፉ ላይ በፕላስተር ለጥፍ።

ስኮፑ ራሱ እውነተኛ መሆኑንም ፈትን። 100 ያርድ ላይ ተኩሰህ 20 ኤምኦኤ ወደ ላይ አዙር፣ ያንኑ ነጥብ አልመህ ተኩስ። ጥይቱ ወደ 21 ኢንች ከፍ ብሎ መምታት አለበት። መልሰህ ወደ ዜሮ አምጣና ድገም፤ መጀመሪያው ቀዳዳ አጠገብ ካልገባ ስኮፑን ወደ ሱቁ መልስ። ይህን ሳትሞክር ተራራ ላይ ማዞሪያ ማዞር ቁማር ነው።

አሁን ስለ አየሩና ስለ ቁልቁለቱ። 12,000 ጫማ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ነው። ጥይቱን የሚይዘው አየር ስለሚሳሳ ትንሽ ያንሳል የሚወርደው። አንተ የምትለማመደው ዴንቨር አካባቢ ስለሆነ እስከ 300 ያርድ ልዩነቱ አያሳስብህም። የሚያሳስበው ማዘንበሉ ነው። ስትተኩስ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች ጥይትህ ከጠበቅኸው ከፍ ብሎ ነው የሚመታው። መሬት ጥይቱን የምትስበው በአግድሙ ርቀት ልክ ነውና። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 400 ያርድ የሚል መለኪያ ካየህ የምትተኩሰው ለ346 ያርድ ነው። ለ400 ብታስተካክል ከስድስት ኢንች በላይ ከፍ ትላለህ፣ በጀርባው ላይ ያልፋል። በ45 ዲግሪ ደግሞ ርቀቱን በ0.7 አባዛው። አሁን አሁን የሌዘር ርቀት መለኪያዎች ይህን ራሳቸው ያሰላሉ። ስትገዛ ማዘንበል የሚያሰላውን ግዛ፣ የዋጋ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ነፋሱ ላይ ግን ስሌት አይረዳህም። በሰዓት 10 ማይል የጎን ነፋስ 400 ያርድ ላይ ጥይትህን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ኢንች ይወስደዋል። የበጉ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ የሾርባ ሳህን ያህላል። ሸንተረር ላይ ደግሞ አንተ ጋ ያለው ነፋስ በጉ ጋ ካለው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለዚህ ነው 400ን እንደ ግብ አታስብ የምልህ።

የራስህን ወሰን እንዲህ ፈልግ። ከጠረጴዛው ተነስ። የሾርባ ሳህን የሚያህል ካርቶን 200 ያርድ ላይ አቁም፣ ትንሽ ሮጠህ ና፣ ቦርሳህ ላይ ተደግፈህ አምስት ተኩስ። አምስቱም ከገቡ 250 ላይ ሞክር። ከዚያ 300። አንዱ የወጣበት ርቀት ከወሰንህ በላይ ነው፤ ወደ ኋላ ተመለስ። አጋዘን ላይ ለምደኸው ከሆነ ቁጥሩ ከገመትከው ያንሳል፣ አትናደድ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ? ነሐሴ ላይ የምታውቀው ወሰን መስከረም ላይ ትርፍ ነው።

ተራራው ላይ ለመስታወቱ ክዳን አድርግለት፣ ላስቲክ ያለው ጨርቅ ይበቃል። ዝናብና በረዶ ድንገት ነው የሚመጣው። በሸሚዝህ ጫፍ አትጥረገው፣ አቧራው ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ በብሩሽ አራግፍ። ወደ ዓይንህ ሲጠጋ ትንፋሽህን ያዝ፣ በብርድ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ማታ ጠመንጃውን ማንደጃ ካለበት ሙቅ ድንኳን አታስገባ። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ላብ ይይዘዋል።

ፈረስ ላይ ከጫንከው ወይም አንዴ ጥሩ ከወደቀ፣ ዜሮህን ሳታረጋግጥ አትተኩስ። ለዚህ ሁለት ተጨማሪ ጥይት ቦርሳህ ውስጥ አኑር። በጎቹ ካሉበት ሸለቆ ወጣ ብለህ፣ ከጀርባው አፈር ያለበት ቦታ፣ ካርቶን 100 ያርድ ላይ አቁመህ አንድ ተኩስ። ከዜሮህ ወጣ ካለ ያቺን የኩቴክስ መስመር ቀድመህ እይ።

ቶርክ መፍቻውን ሳትገዛ ክዳኑን እንዳታጠብቅ አደራ። ገጥመህ ስትጨርስ የ100 ያርዱን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ቀዳዳዎቹን አይቼ ምን እንደቀረህ እነግርሃለሁ።